የገበታ ጨው አመራረጥ፦ የድንጋይ፣ የባህር፣ የተጣራና ባለቀለም ጨው ሲነጻጸሩ

ነጭ፣ ሮዝ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፤ ደቃቅ፣ ሻካራ፣ ቅርፊት መሰል፤ ከተራራ የተቆፈረ፣ ከባህር ውሃ የወጣ። የጨው ዓይነት በዝቷል፣ የዋጋቸው ልዩነትም የሰማይና የምድር ያህል ነው። የሁሉም መሠረት ግን አንድ ማዕድን ነው፤ በጂኦሎጂ ሃላይት፣ በኬሚስትሪ ሶዲየም ክሎራይድ ይባላል። ከክብደቱ 39.3 በመቶው ሶዲየም፣ 60.7 በመቶው ክሎሪን ነው፤ ከየትም ቢመጣ ይህ ስሌት አይለወጥም። ስለዚህ «የትኛው ጨው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬዱት አራት ናቸው፦ ከሶዲየም ክሎራይድ ሌላ ምን አለበት? ቅንጣቱ ምን ያህላል? ፋብሪካው ምን ጨመረበት? ምን ያህል እርጥበት ይዟል? በጨውና በጨው መካከል ያለው ልዩነት፣ የጣዕሙም ጭምር፣ የሚመነጨው ከእነዚህ ነው።

ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለምግብ የሚውል ጨው፣ ተጨማሪዎቹ ሳይቆጠሩ በደረቅ ክብደቱ፣ ቢያንስ 97 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ በቀሪዋ 3 በመቶ ላይ ነው። ትንሽ ብትመስልም ጨውን የምታረጥበው፣ የምታመርረውና ውሃ የምታደፈርሰው እሷ ናት።

ከባህርና ከተራራ

አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል የሟሙ ጨዎችን ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ሶዲየም ክሎራይድ የሆነው 78 በመቶ ገደማ ነው። ውሃው ፀሐይ ላይ ሲተን ሁሉም ባንድ ጊዜ አይወርዱም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት ይወርዳል። ውሃው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ ጂፕሰም፣ ማለትም ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት፣ ይከተላል። አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀር ሃላይት መጣል ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የበዛበት መራራ ውሃ ይተርፋል። ሥራውን የሚያውቅ አምራች ጂፕሰሙን በፊተኞቹ ገንዳዎች አስቀርቶ ውሃውን ወደ ጨው ገንዳ ያሳልፋል፤ መራራውን ውሃ ደግሞ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ ይለቀዋል፣ ጨውንም በንጹህ የጨው ውሃ ያጥባል። ይህን ያልተከተለ ጨው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ሲቀምሱት ቆይቶ ይመራል፣ ከረጢቱም መቼም ደርቆ አይገኝም።

የእርጥበቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ንጹህ ሶዲየም ክሎራይድ ከአየር ውሃ ስቦ መሟሟት የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ነው። ማግኒዚየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ደረቅ በሚባል ክፍል ውስጥ እንኳ ጥቂት ማግኒዚየም ያለበት ጨው ይወረዛል። ጥፋቱ የጨው ማስቀመጫው አይደለም ማለት ነው።

የድንጋይ ጨው ተፈጥሮ ራሷ በጥንት ባህሮች ላይ የሠራችው ያው የትነት ሥራ ውጤት ነው። በፓኪስታን ፑንጃብ ያለው የኬውራ ማዕድን ጨው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መራራው ውሃ ብዙውን ጊዜ አብሮት ስላልተቀበረ የድንጋይ ጨው በአመዛኙ ደረቅ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ በንብርብሩ መካከል ሸክላ፣ ጂፕሰምና አንሃይድራይት (ውሃ የሌለው ካልሲየም ሰልፌት) ይገባሉ፤ እነዚህ ደግሞ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም።

ሦስተኛው፣ «የተጣራ» የሚባለው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከሁለቱ የተለየ ምንጭ የለውም። ውሃ ወደ ጨው ንብርብሩ ይገባና ጨው ጠግቦ ይወጣል፤ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ በኖራና በሶዲየም ካርቦኔት ይወገዳል፤ ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት ተፈልቶ ይተናል። የሚገኘው ከ99.5 በመቶ በላይ ንጹህ፣ እኩል የሆነ ጥቃቅን ኪዩብ ነው። ነጭ የሆነውም በማንጫ ኬሚካል አይደለም። ንጹህ ሃላይት ቀለም የለውም፤ ሲደቅ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነጭ ይመስላል።

ጥሬውን በእጅ መለየት

ያልተፈጨ የድንጋይ ጨው የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሃላይት መሆኑን ያረጋግጥ። ቁራሹን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት በሦስት አቅጣጫ፣ ልክ በ90 ዲግሪ፣ ለስላሳ ገጽ ሰጥቶ ይሰነጠቃል። የወደቀውን ፍርፋሪ በማጉያ መነጽር ቢያዩት ያው ነው፤ ትንሿም ቅንጣት ማዕዘኗ ቀጥ ያለ ነው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ 2.5 ገደማ ስለሆነ ጥፍር በጭንቅ ይጭረዋል፣ የመዳብ ሳንቲም ግን በቀላሉ ይጭረዋል። ጂፕሰም ከዚህ ይለሰልሳል፣ ጥፍር ያለ ችግር ይጭረዋል፣ ውሃ ውስጥም እምብዛም አይሟሟም። ካልሳይት የሚሰነጠቀው ዘመም ባለ ማዕዘን ነው፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበትም አረፋ ያወጣል። ኳርትዝ መስታወት ይጭራል።

አስቸጋሪው ሲልቫይት፣ ማለትም ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። እሱም በኪዩብ ይሰነጠቃል፣ እሱም ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የሚለየው ጎምዛዛ ምሬቱ ነው፤ በእሳት ነበልባል ላይ ደግሞ ሶዲየም ደማቅ ቢጫ፣ ፖታሲየም ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ምንጩ የማይታወቅ ማዕድን ግን በምላስ አይፈተንም፤ ከሚሟሙት ማዕድናት መካከል መርዛማ አለ።

ለምግብ የሚሆን መሆኑን ለመገመት የሚከተለው ሙከራ ብዙ ይናገራል። 100 ግራም ጨው በ400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ። ውሃውን ማፍላት ጨው በቶሎ እንዲሟሟ እንጂ እምብዛም እንዲበዛ አያደርግም፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 36 ግራም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 39 ግራም ብቻ ያሟማል። አንድ ሰዓት ያስቀምጡት፣ ከዚያ አስቀድሞ በተመዘነ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥሉት። ወረቀቱን በጥቂት ንጹህ ውሃ ያለቅልቁ፤ ካልታጠበ ወረቀቱ ውስጥ የቀረው ጨው ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣና ውጤቱን ያበላሻል። ሲደርቅ ይመዝኑ። አንድ ግራም ዝቃጭ ማለት 1 በመቶ ነው። በጥሩ የገበታ ጨው ላይ በዓይን የሚታይ ነገር አይቀርም። ከተጣራው ውሃ ጥቂት ወስደው የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ሲጨምሩበት ነጭ ደመና ከሠራ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም አለበት። እርሳስን የመሳሰሉ ብረቶችን ግን ይህ ሙከራ አያሳይም፤ እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ያልታጠበና ያልተመረመረ ጥሬ ጨው ለዘወትር ምግብ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሮዝ፣ ግራጫ፣ ጥቁር

የሮዝ ጨው ቀለም የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በቀላሉ ዝገት ማለት ነው። ግራጫው የባህር ጨው ከገንዳው ወለል የተነሳ ሸክላ ነው። ሮዙ «ሰማንያ ምናምን ማዕድን አለው» ተብሎ ሲሸጥ ይሰማል። ሒሳቡን እንሥራው። 98 በመቶ ንጹህ የሆነ ሮዝ ጨው በቀን 5 ግራም ቢበላ፣ ከጨው ሌላ የሚገኘው ሁሉ ተደምሮ 0.1 ግራም ነው፤ ያውም ብዙው ጂፕሰምና ሸክላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3.5 ግራም ፖታሲየም ይመክራል። ያ 0.1 ግራም በሙሉ ፖታሲየም ነው ብንል እንኳ ከሚያስፈልገው 3 በመቶ አይሞላም። በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ እርሳስን የመሰለ ማንም የማይፈልገው ነገር እንዳለም ሻጩ አያነሳም። በሶዲየምም ቢሆን ሮዙ ከነጩ በክብደት አይሻልም። ሮዝ ጨው ለዓይን ያምራል፤ ለማዕድ ማስጌጫ ከሆነ ይግዙት፣ ለጤና ብለው ግን ገንዘብዎን አያውጡበት።

ትላልቅ የጨው ቁራጮች በጋለ መጥበሻ ላይ ይፈነዳሉ። ክሪስታሉ ሲያድግ በውስጡ የታሰረች የጨው ውሃ ጠብታ ወደ እንፋሎት ስትለወጥ ድንጋዩን ትሰነጥቀዋለች። ለመጥበሻነት የሚሸጥ የጨው ሰሌዳም ከመነሻው ትልቅ እሳት ላይ ከተጣደ ወይም ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ከተጋለ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። በትንሽ እሳት ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ነው።

ጥቁር በሚባለው ስም ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ የከሰል ዱቄት የተቀላቀለበት ጨው ነው። ሌላው ከእሳት ወጥቶ የድኝ ሽታ የያዘው የህንዱ ካላ ናማክ ነው፤ ሽታው የተቀቀለ እንቁላል ያስታውሳል። የኋለኛው ሽታ በእሳት ስለሚቀንስ ምግቡ ከወጣ በኋላ ይነሰነሳል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሥጋ ለማቆየት የሚውለው የማቆያ ጨው 6.25 በመቶ ሶዲየም ናይትራይት አለበት፤ ከገበታ ጨው እንዲለይ ተብሎም ሆን ተብሎ ሮዝ ይቀባል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 2.5 ግራም ብቻ ነው። እንደ ገበታ ጨው ከተነሰነሰ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ይገድላል። ከሮዝ ጨው አጠገብ አይቀመጥም፤ ከመጀመሪያው መያዣውም አይገለበጥም።

ስማቸው ጨው ሆኖ ለገበታ የማይሆኑ ሌሎችም አሉ። የኤፕሰም ጨው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው፣ ሆድ ያስቀምጣል። የሙት ባህር የገላ መታጠቢያ ጨው ብዙ ማግኒዚየም ክሎራይድ አለበት።

አዮዲን፦ ምርጫው የሚከብድበት ቦታ

ከቀለም፣ ከምንጭና ከዋጋ ሁሉ በላይ ለጤና ለውጥ የሚያመጣው አዮዲን መኖር አለመኖሩ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲጎድል የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። የድንጋይ ጨው ለዚህ አይበቃም። የባህር ጨውም፣ ስሙ ቢያሳምንም፣ ካልተጨመረበት በቀር የያዘው አዮዲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 5 ግራም ጨው ለሚበላ ሕዝብ በአንድ ኪሎ ጨው 39 ሚሊግራም አዮዲን፣ 10 ግራም ለሚበላ ደግሞ 20 ሚሊግራም እንዲጨመር ይመክራል። 5 ግራም በ39 ሲባዛ 195 ማይክሮግራም ነው፤ ከ150 የተረፈው በመንገድና በመደርደሪያ ለሚባክነው መጠባበቂያ ይሆናል።

ማሸጊያው ላይ «ፖታሲየም አዮዴት» ወይስ «ፖታሲየም አዮዳይድ» የሚል መሆኑን ይመልከቱ። አዮዴቱ እርጥበትንና ቆሻሻን ይችላል፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ባለበት፣ ጨውም ብዙ ባልተጣራበት ቦታ የሚመረጠው እሱ ነው። አዮዳይዱ ደረቅና ንጹህ ጨው ይፈልጋል፤ እንዳይተንም ማረጋጊያ ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዴክስትሮዝ የሚባል ስኳር። ጨው ላይ ጠብ ሲደረግ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠው መፈተሻ አዮዲን መኖሩን ይናገራል፤ መጠኑን ለማወቅ ግን አይታመንም።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ለዘወትር ማብሰያ አዮዲን ያለው የተጣራ ጨው ይያዙ። ሌላው ሁሉ፣ ቅርፊቱም ሮዙም ግራጫውም፣ ሁለተኛ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከላይ ለመነስነስ ብቻ ይዋል። አዮዲን ያለውን ጨው ምግቡ ሊወጣ ሲል መጨመር ደግሞ ከረጅም ፍል የሚደርሰውን ብክነት ይቀንሳል።

ቅንጣትና ማንኪያ

ወጥ ቤት ውስጥ ጨው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዓይነቱ ሳይሆን ከልኬቱ ነው። ልሙጥ የሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ይመዝናል። ጠጠር ያለው ሻካራ ጨው 5 ግራም ገደማ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ቅርፊት ጨው ደግሞ 3 ግራም ያህል ነው። በቅርፊት ጨው የተጻፈ አሠራር በደቃቅ ጨው ሲሠራ ጨዋማነቱ እጥፍ ይሆናል። ቅርፊቱ «ለስለስ ያለ ጨው» ነው የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው፤ በክብደት እኩል ከሆኑ እኩል ሶዲየም አላቸው። ሚዛንዎ አንድ ማንኪያ በትክክል የማያነብ ከሆነ አሥር ማንኪያ መዝነው ለአሥር ያካፍሉ፣ ቁጥሩንም ዕቃው ላይ ይጻፉት።

ሻካራ ጨው በጣት ቆንጥሮ ለመበተን ይመቻል፣ ሥጋ ላይም የት እንዳረፈ ይታያል። ለሊጥ ግን አይሆንም፤ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ሳይሟሟ ይቀርና አንዱ ጉርሻ ጨው የሌለው፣ ሌላው ድንጋይ ይሆናል። ለዳቦ ከዱቄቱ ክብደት ከ1.8 እስከ 2 በመቶ ደቃቅ ጨው በቂ ነው። ሻካራ ብቻ ካለ አስቀድሞ በውሃው ይሟሟ።

እንደ ሥራው

አትክልት በጨው ለማብላላት ያለ ተጨማሪ የሆነ ንጹህ ጨው ይሻላል። አዮዲን ማብላላቱን ያቆማል የሚባለው የተጋነነ ነው። ፀረ መጓጎል የሚባሉት ተጨማሪዎች ግን አንዳንዶቹ ስለማይሟሙ ውሃውን ያደፈርሳሉ፤ ያን ጊዜ የተበላሸውንና ያልተበላሸውን በዓይን መለየት ያቅታል። በራሱ ውሃ ለሚብላላ አትክልት ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ፣ ማለትም ለኪሎ ከ20 እስከ 25 ግራም ያስፈልጋል። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ ውሃውም ይታሰባል፦ 1 ኪሎ አትክልትና 1 ሊትር ውሃ በ3 በመቶ ሲሰላ 60 ግራም ጨው ነው። ብዙ ሰው ለውሃው ብቻ አስልቶ 30 ግራም ያደርግና አትክልቱ ይለሰልሳል፣ ላዩም ይሻግታል። ግራጫ የባህር ጨው እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ አትክልቱ ሳይላላ እንዲቆይ ያግዛል።

ለዕቃ ማጠቢያ ማሽንና ለውሃ ማለስለሻ ነገሩ ይገለበጣል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሬዚን፣ ማለትም ውሃውን የሚያለሰልሰው ቅንጣት፣ ከውሃው የያዘውን ካልሲየምና ማግኒዚየም አራግፎ ሶዲየም መያዝ አለበት፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት የባህር ጨው ሲሰጡት ያራገፈውን መልሰው እያሸከሙት ነው። ሮዝ ጨው ብረቱን ሬዚኑ ላይ ይተዋል፣ ሸክላ ያለበት የድንጋይ ጨው ቧንቧ ይዘጋል፣ ደቃቅ የገበታ ጨው ደግሞ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጋገራል። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ የሌለው፣ ጠጠር ያለ የተጣራ ጨው ብቻ።

የእንስሳት መላሻ ጨው ለሰው አይሆንም፤ መዳብ፣ ኮባልት፣ ሴሊኒየም ይጨመርበታል። ለከብት የተዘጋጀውም ለበግ አይሰጥም፤ በግ መዳብ በቀላሉ ይመርዛታል። ለመንገድ በረዶ ማቅለጫ ጥሬ የድንጋይ ጨው ይበቃል፤ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ካለፈ ግን ሥራው ስለሚዘገይ ካልሲየም ክሎራይድ ይተካል።

ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው

ይህ ጨው ከ25 በመቶ አንስቶ ፖታሲየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ነው። ከሮዝ ጨው በተለየ የጤና ጥቅሙ በሙከራ የታየ ነው። በቻይና ገጠር ተካሂዶ በ2021 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ከአራት አንዱ እጅ ፖታሲየም ክሎራይድ በሆነ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች በአንጎል ስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ14 በመቶ ማነሱን አሳይቷል። መጠኑ ሲበዛ ምሬትና የብረት ጣዕም ይመጣል። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ስፓይሮኖላክቶንን የመሰሉ ፖታሲየም በሰውነት የሚያስቀሩ መድኃኒቶችን ወይም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው፤ የደም ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ ልብን ያቆማል። ያም ሆነ ይህ የጨው መጠን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለየትኛውም የጨው ዓይነት ይሠራል። ማሸጊያው የሶዲየም ግራም ብቻ ከጻፈ በ2.5 ሲባዛ ጨው ይሆናል።

አቀማመጥ

ማሸጊያው ላይ «ኢ-535» ወይም «ኢ-536» የሚል የተጨማሪ ምልክት ያስደነግጣል፤ ፌሮሳያናይድ ነውና። በኪሎ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው የሚገባው፤ ሳያናይዱም ከብረቱ ጋር በጥብቅ የታሰረ ስለሆነ በዚህ መጠን አይጎዳም። ሥራው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ማድረግ ነው። የተጓጎለ ጨው ራሱ የተበላሸ ጨው አይደለም፤ ረጥቦ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተጋግረው ነው፣ ሲደቅቅ ይመለሳል።

ጨው በብርጭቆ፣ በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ክዳኑ ገጥሞ፣ ከምድጃ እንፋሎትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የብረት ክዳን ይዝጋል። በማይዝግ ብረት ድስትም ውስጥ ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተጨምሮ ሥሩ ላይ ከተኛ ጥቃቅን ጉድጓድ ይሠራል፤ ውሃው ሲፈላ ጨምሮ ማማሰል ነው።

በከረጢት የሚገዛ አዮዲን ያለው ጨው ሲረጥብ ሌላም ነገር ይደርስበታል። አዮዲኑ ከወረዛው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ጨው ይደኸያል፣ ከሥሩ ያለው ይበዛበታል፣ ከረጢቱ የሚያንጠባጥብ ከሆነም አብሮ ይፈስሳል። ስለዚህ ሲገዙ ከረጢቱን አንስተው ሥሩን ይዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ወይም ደርቆ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ሌላ ይምረጡ።